መስቀልን በጎጃም፦ ጠዋቱ ለመስኩ፣ ማታው ለደመራው

መስከረም በጎጃም በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ያሳያል። ጠዋት ሰማዩ ይጠራል፣ መስኩ በአደይ ይደምቃል፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ግን ደመናው ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ይጀምራል፣ ዝናቡ አንዳንዴ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ክረምት እንደ ባሕረ ሐሳቡ የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ መስቀል የሚውለው በ17። ስለዚህ የመስቀል ሰሞን ጎጃም ገና ክረምት እግሩን ሳያነሳ ነው የሚጎበኘው። ከሰዓት በኋላ ወደ ፏፏቴ የሄደ ሰው ጭቃ ውስጥ ይመሻል፤ ጠዋት የሄደው ደግሞ ለምሳ ተመልሶ፣ ጫማውን አጥቦ፣ ማታ ችቦውን ይዞ ይወጣል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ወቅት ብዙ ሰው ፀደይ ይለዋል። በአገራችን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 በኋላ ይመጣል። ስሙ ቢምታታም አበባው አንድ ነው፤ መስቀል የአበባው በር ከፋች ነው።

ቀኑን ስትመርጡ

ከመስከረም 14 እስከ 18 ያሉት አምስት ቀናት ይበቃሉ። በ14 ትገባላችሁ፤ 15 ለጣና፣ የ16 ጠዋት ለጢስ ዓባይ፣ የ16 ማታና የ17 ንጋት ለደመራው፣ የ17 ቀን ለሰው ቤት፤ በ18 ትመለሳላችሁ። ከ16 በፊት አንድ ቀን ተርፏችሁ መግባት ግድ ነው፤ በዋዜማው የሚነሳ ሰው ትራንስፖርት ላይ ይውላል።

በመጀመሪያ መስከረም 16 እና 17 በሳምንቱ የትኛው ቀን እንደሚውሉ ተመልከቱ። መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾሙ አይፈርስም፤ ገናና ጥምቀት ያላቸውን ፈቃድ መስቀል የለውም። ስለዚህ በዚያ ቀን በገጠር ቤት ዶሮም ክትፎም አይጠበቅም፤ የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ዳቦ ነው። ሥጋ ይዛችሁ እንግድነት ከሄዳችሁም ባለቤቲቱን ታስጨንቃላችሁ።

ከአዲስ አበባ ስትነሱ የአውቶቡስ ትኬት ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቁረጡ። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ በብርሃን እለፉት። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬን እየረገጡ ብቻ መውረድ ፍሬኑን ያግለውና አቅም ያሳጣዋል። ገና ከላይ በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ያዙና ሞተሩ ይያዘው። በመስከረም ከገደሉ የሚንከባለል ድንጋይ መንገዱ ላይ ይገኛል፤ ጠዋት ደግሞ ጭጋግ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት በነጋታው የምታልፉበት መንገድ ክፍትና ሰላም መሆኑን በዚያው መስመር የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይበቃም። መንገዱ ካልተማመናችሁበት ጉዞውን ለሌላ ዓመት አቆዩት።

ልብስና ጫማ

የጎጃም ጭቃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጫማ ይሳሳታል። ሜዳው ላይ ያለው መረሬ ጥቁር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ከጫማ ሥር ይለጠፍና በየእርምጃው ይወፍራል፤ 200 ሜትር ሳትሄዱ እያንዳንዱ እግር ድንጋይ የተሸከመ ይመስላል። መረሬ ላይ የሚያዋጣው ሶሉ ለስለስ ያለ የፕላስቲክ ቦት ነው፤ ጭቃው በቀላሉ ይላቀቃል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ አይለጠፍም፣ ያንሸራትታል፤ እዚያ ጥርሱ ጠለቅ ያለ የተራራ ጫማ ያስፈልጋል። ሁለቱንም መያዝ የማይችል ሰው ጥርስ ያለውን ጫማ ይያዝ፤ መረሬውን በሳሩ ዳር ዳር እየረገጠ ያልፈዋል። አዲስ ጫማ አታድርጉ፤ እርጥብ ካልሲ ውስጥ ያለ አዲስ ጫማ በግማሽ ቀን ተረከዝ ይልጣል። ሁለት ትርፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ።

የቀርከሃ ዱላ ግዙ። የአዊ ደጋ፣ በተለይ የኢንጅባራ አካባቢ፣ የቀርከሃ አገር ነው፤ ዱላው ቀላል፣ ጠንካራና ርካሽ ነው። ቁመቱ ቆማችሁ ከክርናችሁ እስከ ደረታችሁ ባለው መካከል ይሁን። ቀይ አፈር ላይ ቁልቁል ስትወርዱ ዱላውን ቀድማችሁ ትከሉ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሱ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ይህን ገልብጦ ስለሚያደርግ ነው።

ለዝናብ ጃንጥላ ከተማ ውስጥ ይሠራል፤ ሜዳ ላይ ነፋስ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ዝናብ መከላከያ ይሻላል። እረኞቹ የሚለብሱትን ከሳር የተጎነጎነ ገሳ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ውሃው በሳሩ ተዳፋት ላይ ይወርዳል፣ ውስጡ ግን አየር ስላለው ላብ አያስቸግርም። ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ በመስከረም የመንገድ ዳር ሳማ ከፍ ብሎ ስለሚበቅል ባዶ ቁርጭምጭሚት ይለበልባል። ለማታና ለንጋት ጋቢ አይቅር፤ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኢንጅባራ ከዚያም ትበልጣለች፤ በደመራው ንጋት ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል።

ጢስ ዓባይ

ጢስ ዓባይን ለማየት ከመስከረም የተሻለ ወር ማግኘት ይከብዳል። ውሃው ወደ 45 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሞልቶ ሲፈስ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ግን አብዛኛው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ገደሉ ላይ የሚቀረው ቀጭን ጅረት ነው፤ ጥር ወይም የካቲት ሄደው «ይሄ ነው እንዴ ጢስ ዓባይ?» ብለው የተመለሱ ብዙ ናቸው። በመስከረም ጣና ራሱ ሞልቶ ይፈሳል፣ ከታችም እንደ አንዳሳ ያሉ ወንዞች ጎርፋቸውን ይጨምሩበታል። ውሃው ቡናማ መሆኑ ቅር አያሰኛችሁ፤ የጎጃም አፈር ነው።

ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምት መንገዱን ስለሚጎዳው ለመኪናው አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከተነሳችሁ 2 ሰዓት ላይ መንደሩ ትገባላችሁ፤ ትኬት ቆርጣችሁ፣ አስጎብኚ ይዛችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እግር መንገዱን ትጀምራላችሁ። አስጎብኚውን «ዛሬ የትኛው መንገድ ነው የደረቀው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከፏፏቴው በታች ባለው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ የሚያልፈው መንገድ ረዘም ይላል፣ ግን አስተማማኝ ነው። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ የሚሻገረው መንገድ አጭር ቢሆንም ውሃው ሲበረታ ጀልባው አይሻገርም። ጀልባ ቀዛፊው «ዛሬ አይሆንም» ካለ ገንዘብ ጨምራችሁ አታግባቡት። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ለዘፈን ማሞቂያ አይደለም፤ በዚህ ወር ወንዙ በእርግጥ ግንድ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ግንዱም ከላይ አይታይም።

የድንጋዩ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ላዩ ጠዋት በጤዛ ያዳልጣል፤ መሃል መሃሉን ሂዱ፣ ልጆችን በእጅ ያዙ። ከድልድዩ በኋላ ያለው አቀበት ቀይ አፈር ነው፤ ዱላው እዚህ ዋጋውን ይከፍላል። መመልከቻው ጋ ስትደርሱ የሚጎዳው ነገር ድምፁም ውሃውም አይደለም፤ ጢሱ የሚያርሰው ሳር ነው። ሳሩ ገደሉ ጫፍ ድረስ አረንጓዴ ስለሆነ መሬቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ከጫፉ አምስት እርምጃ ወዲህ ቁሙ። ፎቶ ለመነሳት ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አትሂዱ፤ አንሺው ይንቀሳቀስ እንጂ ተነሺው ቦታውን አይልቀቅ። ስልኩን በፌስታል ሸፍኑት፤ የሌንሱን ጠብታ የምትጠርጉበት ደረቅ ጨርቅም በኪሳችሁ ይኑር።

ቀስተ ደመናውን የምታገኙት ፀሐይ ከጀርባችሁ፣ ጢሱ ከፊታችሁ ሲሆን ነው። ደመና ፀሐይዋን ከሸፈናት አሥር ደቂቃ ታገሱ፤ የመስከረም ጠዋት ደመና ቶሎ ያልፋል። 5 ሰዓት ላይ መመለስ ጀምሩ።

ጣና፣ ዘንገና፣ ጮቄ

ጣና ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ ሐይቁ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነሳል። ነፋሱ ሲመጣ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ይደበድባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ዋጋ ስትነጋገሩ ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው፣ የሚቆመው የት የትና ለስንት ሰዓት ነው፣ የሚለውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ሐይቁ መሃል የሚደረግ ክርክር በዓሉን ይወስደዋል። ለእያንዳንዱ ሰው የዋና ጃኬት መኖሩን ቆጥራችሁ፣ ራሳችሁ አስራችሁት እዩ። ዚፑ የተበላሸ ወይም ማሰሪያው የተበጠሰ ካለ እንዲቀየር ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ወደ ሐይቁ የገባውን ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌን፣ ምረጡ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከወረዳችሁ በኋላ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር እየሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ። በዘጌ በገዳሙ መሥራች በአቡነ በትረ ማርያም ቃል መሠረት መሬት አይታረስም፤ ሌላው አገር የተመነጠረ ደን እዚያ የተረፈው በዚህ ነው። የእግር መንገዱ ድንጋይ በእርጥበት ያንሸራትታል። ቤተ መቅደሱ ከመግባታችሁ በፊት ጫማ ይወለቃል፤ ለዚህ ማሰሪያው በቀላሉ የሚፈታ ጫማ ይመረጣል፣ ካልሲም ንጹሕ ይሁን። የግድግዳ ሥዕሎቹን በፍላሽ አታንሱ፤ ብርሃኑ በጊዜ ብዛት ቀለሙን ይጎዳል። ክብራን ገብርኤል የደሴት ገዳም ነው፣ ሴቶች አይገቡበትም፤ ሴቶች ያሉበት ቡድን ይህን ሳያውቅ ጀልባ ተከራይቶ ደሴቷ ዳር መቆም የለበትም።

የሐይቁን ዳር በባዶ እግር አትርገጡ፣ አትዋኙም። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ፤ ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ የምትኖረው ደግሞ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፤ ልጆች መንቦጫረቅ የሚወዱት ይህንኑ ቦታ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ቀዛፊው ራቅ ብሎ ይዙር። ከደንገል የተሠራችውን ታንኳ ለመሞከር ከፈለጋችሁ ከባለቤቱ ጋር፣ ከዳር ሳትርቁ፣ በእርጋታ ተቀምጣችሁ ይሁን፤ ታንኳዋ ሰው ሲነሳባት ነው የምትገለበጠው።

ዘንገና ከኢንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፤ ለሚያልፍ ሰው ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞና የምሳ ማረፊያ ትሆናለች። እሳተ ገሞራ የፈጠራት ክብ ሐይቅ ናት፤ ጥልቀቷ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ዳሯ እንደ ጣና ቀስ ብሎ አይወርድም፤ ሁለት እርምጃ ገብታችሁ መሬቱ ይጠፋል። ስለዚህ ለእጅ መታጠብም ቢሆን ዛፍ ወይም ሰው ይዛችሁ ጎንበስ በሉ። የምግብ ፌስታል ሣሩ ላይ ክፍት አድርጋችሁ አትሂዱ፤ ዝንጀሮና ጦጣ ለመውሰድ አያቅማሙም።

ጮቄ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ጅብራና አስታው ያምራል፣ በመስከረም ግን ጭጋግና ጭቃ ይበዛበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

ከየትም ሆናችሁ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ መብረቅ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ቤት ወይም መኪና ከሌለ ከኮረብታው ወርዳችሁ ዝቅ ባለ ቦታ ቁጢጥ በሉ፤ ከዱላችሁና ከጃንጥላችሁ ራቁ።

አደይ መልቀም

ከከተማ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት እዚህ ነው፤ አደይ መስሎት ኑግ ይቀጥፋል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም በመስከረም ያብባሉ፣ ከሩቅ አይለዩም። መለያው ቦታው ነው። አደይ በመንገድ ዳር፣ በአጥር ሥር፣ በድንበርና በሜዳ ላይ ራሱ ይበቅላል፤ ተራርቆና ተሰባጥሮ ይታያል። ኑግ ግን የተዘራ ሰብል ነው፤ እኩል ቁመት ይዞ ማሳውን ሞልቶ ይቆማል። ቢጫው አራት ማዕዘን ይዞ ከታያችሁ ኑግ ነው፣ አትግቡ። የዓመት ዘይት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠውም ማር የሚመጣው ንቡ ከዚያ አበባ ቀስሞ ነው። ጤፉም በዚህ ጊዜ ገና ለጋ ነው፤ አንድ ጊዜ የተረገጠ መስመር እስከ አጨዳ ድረስ ይታያል። ለፎቶ ብሎ ማሳ መግባት ገበሬውን ያስቆጣል፤ ተገቢም ነው።

አደዩን ጤዛው ሳይደርቅ ልቀሙ። ግንዱን አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ትታችሁ በምላጭ ወይም በቢላ ቁረጡ፤ በእጅ ከተነቀለ ሥሩ ይወጣና በሚቀጥለው ዓመት አይዘራም። ለአንድ ችቦ አንድ እፍኝ ይበቃል። ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ፀሐይ ከነካው ሰዓት ሳይሞላ ይጠወልጋል። ማታ ለማሰር የፈለጋችሁት በቆርቆሮ ውሃ ውስጥ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

በምሥራቅ ጎጃም እንቁጣጣሽን ተንተርሶ ልጃገረዶች የሚያደርጉት እንግጫ ነቀላ አለ፤ የሚያዩት በጳጉሜ መጨረሻ ቀድመው የገቡ ናቸው። ለፎቶ ብላችሁ ጭፈራው መሃል አትግቡ፤ መጀመሪያ እናቶቹን ጠይቁ።

ችቦውና ደመራው

ችቦ የሚበላሸው በእርጥበት ነው። እንጨቱን በ15 ወይም በ16 ከገበያ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ውጭ ሲዘንብበት የቆየ ጭራሮ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። አንዱን እንጨት ሰብራችሁ ፈትሹ፤ «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ ወይም ልጡ አልላቀቅ ካለ ገና ነው። ያረፋችሁበት ቤት ካለ ከጥቂት ቀን በፊት አስገዝታችሁ ከምድጃው በላይ ወይም ከቤቱ ጉልላት ሥር እንዲቀመጥ ለምኑ፤ ጢሱ ያደርቀዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአውራ ጣት የማይወፍሩ ደረቅ እንጨቶች ምረጡ፤ ርዝመታቸው ለአዋቂ አንድ ሜትር ተኩል፣ ለልጅ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በአንድ እጅ ተጨብጦ ትንሽ ጣት የሚተርፈው ውፍረት ሲደርስ አቁሙ፤ ከዚያ ከወፈረ ክንድ ይደክማል፣ የደከመ ክንድ ደግሞ እሳቱን ወደ ሰው ያዘነብላል። ወፍራሙን ጫፍ ሁሉ ወደ መጨበጫው አድርጉ፤ ቀጭኑ ወደ ላይ ሲሆን ቶሎ ይቀጣጠላል። በልጥ በየሁለት ስንዝሩ አጥብቃችሁ እሰሩ። በላስቲክ ገመድ አትሰሩ፤ ቀልጦ የሚንጠባጠበው እሳት ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጫፉ ላይ እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ጭድ ሰግስጉ። አደዩን ከመጨበጫው በላይ እሰሩት እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም፤ እርጥብ አበባ እሳቱን ያፍነዋል።

ሁለት እንጨት አትጠቀሙ። አንደኛው ቀርከሃ ነው፤ አንጓው መሃል ያለው የታፈነ አየር ሲሞቅ ይፈነዳል፣ ስንጣሪውም ይወረወራል። ለዱላ ድንቅ ነው፣ ለችቦ ግን አይሆንም። ሁለተኛው እርጥብ ቅጠል ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ድንገት ይበራና ፍንጣሪ ይረጫል።

ደመራው የሰፈሩ ነው፤ እንግዳ ያግዛል እንጂ አይመራም። ማገዝ ከፈለጋችሁ የሚጠቅመው እንጨት ማምጣትና ጉድጓድ መቆፈር ነው። ለመሃሉ ምሰሶ 5 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ከሆነ ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ይጥለቅ፤ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቅጠቅ፤ ከዝናብ በኋላ ያለ መሬት ልል ስለሆነ ጥልቀት ያነሰው ምሰሶ ሳይለኮስ ይዘማል። ሌሎቹ እንጨቶች ዙሪያውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሥራቸው በሰፊው ይዘርጋ። ከውስጥ ደረቁ ጭራሮ፣ ከውጭ እርጥቡ ይሁን፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ዝናብ ደረቁን ያርሰዋል። ማታ ዝናብ ካስፈራ እስኪለኮስ ድረስ በሸራ ይሸፈን። ከሳር ቤትና ከጭድ ክምር ቢያንስ 40 እርምጃ ይራቅ፤ ነፋሱ የሚወስደውም ከቤቶቹ ውጭ ይሁን። አልነድም ቢል ቤንዚን አታርከፍክፉ፤ ከእሳቱ በፊት ትነቱ ይቀጣጠላል፣ እጅና ፊት የሚያቃጥለው እሱ ነው። ደረቅ ኩበትና ጭራሮ ከሥር ጨምሩ።

የሚለኮስበት ሰዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በከተማ አደባባዮች ብዙ ጊዜ በ16 ከሰዓት ሥርዓቱ ተደርጎ አመሻሽ ላይ ይለኮሳል፤ በብዙ የጎጃም ገጠር ግን በ16 ተተክሎ በ17 ንጋት ነው የሚለኮሰው። «ደመራው ማታ ነው ወይስ ንጋት?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ማታ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ ወይም ንጋት ላይ ተኝታችሁ ያልፋችኋል። የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም እዩ፤ ማታ በከተማው፣ ንጋት በገጠሩ። የንጋቱ ይበልጣል፤ ጨለማው ሳይገፍ ከየኮረብታው እሳት ሲበራ ማየት የሚቻለው እዚያ ነው።

ሥርዓቱ ላይ ካህናቱ ጸሎቱን እስኪያደርሱ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ቀጥሎ ችቦውን ይዞ ሦስት ጊዜ መዞር አለ። የምትዞሩት ሰዉ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ ለፎቶ ብሎ በተቃራኒው የሚመጣ ሰው ችቦ ላይ ይወድቃል። ነጠላ የለበሰች ሴት ጫፉን ወገቧ ላይ ታስረው፤ ጥጥ በፍንጣሪ ይያያዛል። ልጆች ላይ ናይለን ልብስ አይኑር፣ ሲቃጠል ቀልጦ ይጣበቃል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አጠገብ መኖሩን ተመልከቱ። ምሰሶው የሚወድቅበትን አቅጣጫ ሽማግሌዎቹ ይተረጉሙታል፤ እናንተ ግን ቁመቱን ገምታችሁ ከዚያ እጥፍ ርቃችሁ ቁሙ። በኋላ አመዱ ለግንባር ይቀባል፤ ከመሃል አትዝገኑ፣ አመድ ሥር ያለ ፍም ለሰዓታት ይቆያል። ከዳር የቀዘቀዘውን ውሰዱ።

ሰው ቤት

ደመራው ላይ ያገኛችሁት ሰው «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ካለ ሂዱ። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ማንንም አያሳፍርም፣ በጾም ቀንም ይሆናል። ስትገቡ «እንኳን አደረሳችሁ» በሉ፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይመለስላችኋል። ካህኑን «መምሬ» ወይም «አባ»፣ ትልልቆቹን «አባባ»፣ «እማማ» በሉ፤ መነኩሲት ካሉ «እማሆይ»። በስም ብቻ መጥራት የልጅ ነው። ቄስ ካሉ መስቀል ተሳለሙ፤ ባራኪው ሳይባርክ ወደ መሶብ እጅ አይዘረጋም።

የሚቀርበው በኮባ የተጋገረ ድፎ፣ ጠላ፣ ወቅቱ ስለሆነም የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ነው። እሸቱን ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት፤ ዓመቱን ሙሉ የማይገኝ የመስከረም ምግብ ነው። ጠላው ቀላል መስሎ ሳለ ሁለተኛው ጣሳ ላይ ይይዛል። «በቃኝ» ብቻ ማለት አይሠራም፤ «በሞቴ» ይባላል፣ ይቀዳል። ጣሳውን ባዶ አታድርጉ፤ ግማሹን ይዛችሁ ቀስ በቀስ ቅመሱ፣ ባዶ ያልሆነ ጣሳ ቶሎ አይቀዳበትም። አረቄ ከቀረበ የሚነዳው ሰው መጀመሪያውኑ «መሪ የያዝኩ ነኝ» ይበል፤ ይከበርለታል።

ጭፈራው ሲጀመር ወደ ዳር አትሽሹ። የጎጃም እስክስታ ትከሻው ፈጣን ነው፤ እግራችሁ ባይከተል ማጨብጨብና ሆታውን መቀበል ይበቃል። ሽለላና ቀረርቶ ሲወጣ ግን ጭብጨባውን አቁማችሁ አዳምጡ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ጭቃውን ጫማው ላይ ሳይደርቅ እጠቡት፤ የደረቀ መረሬ ስፌት ይበጥሳል። ጫማውን በፀሐይ ሳይሆን በጥላ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልታችሁ አድርቁ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ጣና ዳርና ዝቅ ባሉት ቦታዎች ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሆነ ዘጌ ስታድሩ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፤ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለውና ጫፉ ፍራሽ ሥር እንደገባ ከመተኛታችሁ በፊት እዩ። አመሻሽ ላይ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። በሽታው የሚታየው ንክሻው ካለፈ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከጉዞው ጋር አያያይዘውም፤ ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። ከተመለሳችሁ በወር ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፤ ለሐኪሙም በመስቀል ሰሞን ጣና ዳር ማደራችሁን ንገሩት።